የዕለት መብት የትግል ፍሬ ነው፤ ምስጋናውም በሥራ ይከፈላል

በየዓመቱ የካቲት 29 ቀን ዓለም አቀፍ የሴቶች ቀን በሚከበርባቸው አዳራሾች፣ ፋብሪካዎችና የነዋሪዎች ስብሰባዎች ውስጥ «ለዚህ ላበቃን ምስጋና ይገባል» የሚል ቃል ደጋግሞ ይሰማል። ቃሉ መልካም ነው። የተደረገለትን የማያውቅ ሕዝብ የሚደረግበትንም ለይቶ ሊያውቅ አይችልምና ምስጋና ራሱ የንቃተ ኅሊና ምልክት ነው። ይሁን እንጂ ጭብጨባው ካበቃ በኋላ ሊነሣ የሚገባው፣ ብዙውን ጊዜ ግን ሳይነሣ የሚቀር ጥያቄ አለ። የምናመሰግነው ስለ ምንድን ነው? የምናመሰግነውስ ማንን ነው? ከሁሉም በላይ ደግሞ የምስጋናው ዕዳ በምን ይከፈላል? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በቅደም ተከተል እንመረምራለን።

«ሲፈቀድልኝ» ከሚለው ቃል መውጣት

መብት ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ሹመትና ከፍተኛ ወንበር ነው። በጥቅምት ወር 2011 ዓ.ም. ከሚኒስትሮች ግማሾቹ ሴቶች መሆናቸው፣ በዚያው ወር ሣህለወርቅ ዘውዴ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነው መመረጣቸው በታሪክ የሚመዘገብ ነው። ሆኖም የሰፊው ሕዝብ ሴቶች ሕይወት የሚለካው በወንበር ሳይሆን በዕለት ኑሮ ነው። አንዲት የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ ደመወዟን በራሷ ፊርማ ትቀበላለች። አንዲት ጉሊት ቸርቻሪ በስሟ የቁጠባ ደብተር ታወጣለች። አንዲት ባሏ የሞተባት ገበሬ የመሬቷን የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ይዛ ፍርድ ቤት ትቆማለች። አንዲት የ16 ዓመት ተማሪ ለሽማግሌ የተሰጠው የአባቷ ቃል እንዳይጸና አስተማሪዋን ምስክር አድርጋ ታመለክታለች። እነዚህ ድርጊቶች በየቀኑ ስለሚፈጸሙ ማንም ልብ አይላቸውም። ልብ የማይባሉበት ምክንያት ቀላል ስለሆኑ አይደለም፤ ስለተለመዱ ነው። የተለመዱትም ትናንት ነው።

ወደ ኋላ ብዙ መሄድ አያስፈልግም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በዘመኑ እጅግ ዘመናዊ ተብሎ የተወደሰ ሕግ ነበር። ይኸው ሕግ በአንቀጽ 635 ባልን የቤተሰብ የበላይ አድርጎ ሚስት ሕጋዊ ትእዛዙን ሁሉ እንድትፈጽም ያስገድድ ነበር። ባልና ሚስት የሚኖሩበትን ቦታ የሚመርጠው ባል ነበር። ከሚስቲቱ የሥራ ገቢ በቀር የጋራውን ንብረት የሚያስተዳድረው ባል ነበር። የሚስቱን የውጭ ግንኙነት የመከታተልና ጠባይዋን የመምራት ሥልጣንም በሕግ ተሰጥቶት ነበር። ለጋብቻ የተወሰነው ዕድሜ ለወንድ 18 ሲሆን ለሴት 15 ነበር። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደግሞ ጠለፋን ወንጀል ቢያደርገውም፣ የተጠለፈችው ልጅ ከጠላፊዋ ጋር በሕግ የጸና ጋብቻ ከፈጸመች ክሱ እንዲቀር በር ከፍቶ ነበር። በሌላ አነጋገር ወንጀሉ የሚሰረየው ወንጀለኛው የፈለገውን ሲያገኝ ነው ማለት ነው።

ይህ ሁሉ የተጻፈው ሕግ ነው። ሕጉ ያልደረሰበት ገጠር ሕይወት ከዚህ የከፋ ነበር። በሰሜኑ የርስት ሥርዓት ሴት ልጅ ከአባቷም ከእናቷም ርስት የመውረስ መብት እንደነበራት አይካድም። ነገር ግን ሞፈርና ቀንበር በወንድ እጅ ነበሩ። በልማድ ማረስ የተከለከለች ሴት የወረሰችውን ርስት እንኳ ያለ ባል፣ ያለ ወንድም ወይም ያለ አራሽ ልትጠቀምበት አትችልም ነበር። ከዚህ የምንረዳው መሠረታዊ ቁም ነገር አለ። የሴቶች ጭቆና ምንጩ የወንዶች ክፉ ጠባይ ብቻ አይደለም። የማምረቻ መሣሪያው በማን እጅ እንዳለ፣ የምርቱንም ክፍፍል ማን እንደሚወስን የሚያሳይ የኑሮ ሥርዓት ነው። «ሴት ለቤት፣ ወፍጮ ለዱቄት» የሚለው ምሳሌ የዚህ ሥርዓት ነጸብራቅ ነው። ሰውና ዕቃ በአንድ አረፍተ ነገር ውስጥ እኩል ተቀምጠዋል።

በዚያ ሥርዓት ውስጥ የነበረች ሚስት ወደ ገበያ፣ ወደ ማኅበር ወይም ወደ ዘመድ ቤት የምትሄደው «ሲፈቀድላት» ነበር። ደግ ባል የገጠማት ብዙ ይፈቀድላት ነበር፤ ክፉ ባል የገጠማት ምንም አይፈቀድላትም ነበር። የሁለቱ ልዩነት የዕድል እንጂ የመብት አልነበረም። መብት የሚባለው የሌላ ሰው ደግነት ቢኖርም ባይኖርም የሚጸና ነገር ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ይህ ነው፤ የምናመሰግነው «ሲፈቀድልኝ» ከሚለው ቃል ስለ መውጣታችን ነው።

ምስጋናው የማን ነው?

ሁለተኛው ጥያቄ ብዙ ስሕተት የሚፈጸምበት ነው። አንዳንዶች መብት ከላይ የወረደ ችሮታ ይመስላቸዋል። የታሪክ ሰነድ ግን ይህን አያረጋግጥም።

የሴቶች ቀን ራሱ ችሮታ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1910 በኮፐንሃገን በተደረገው የሶሻሊስት ሴቶች ጉባኤ ላይ ሐሳቡን ካቀረቡት አንዷ ክላራ ዜትኪን ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1917 በዚሁ ቀን በፔትሮግራድ ዳቦ ፍለጋ ሰልፍ የሰለቹ የጨርቃ ጨርቅ ወዛደር ሴቶች ሥራ አቁመው አደባባይ ወጡ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም የዛሩ ዙፋን ወደቀ። ቀኑን ቀን ያደረጉት እነርሱ ናቸው።

በአገራችንም ሁኔታው ከዚህ የተለየ አይደለም። በ1924 ዓ.ም. የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት ሲከፈት የሴት ልጅ ትምህርት በብዙ ቤተሰብ ዘንድ እንደ ነውር ይታይ ነበር። በጣልያን ወረራ ጊዜ እነ ከበደች ሥዩምና እነ ሸዋረገድ ገድሌ የአርበኝነት ተጋድሎ ፈጸሙ። ስንዱ ገብሩ ከወራሪው ጋር ተዋግታ ተማርካ በጣልያን ደሴት ታሰረች፤ ከነፃነት በኋላ የዚያው ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ሆነች፤ እ.ኤ.አ. በ1957 በተካሄደው ምርጫም ለሕዝብ ምክር ቤት ከተመረጠች በኋላ ብዙ ሳትቆይ የሴቶችን ጉዳይ በምክር ቤቱ አሰማች። እነዚህ ሴቶች መንገዱ ሳይጠረግ የሄዱ ናቸው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የጭሰኛን ሥርዓት ሲያፈርስ፣ ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ማንኛውም ሰው የፆታ ልዩነት ሳይደረግበት መሬት እንዲያገኝ ደነገገ። ይህ ታላቅ እርምጃ ነበር። ነገር ግን በተግባር የገበሬ ማኅበር መዝገብ የተሞላው በአባወራው ስም ስለነበር ብዙ ባለትዳር ሴቶች ከጭሰኛነት ቢወጡም ከባል ጥገኝነት ሳይወጡ ቀሩ። በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እናቶችን ከማጀት አውጥቶ እርሳስ አስጨበጣቸው። በጣት ቀለም ፋንታ ስማቸውን ጽፈው መፈረም የቻሉ ሴቶች ያኔ ያገኙትን ደስታ ዛሬም ይናገራሉ። በ1972 ዓ.ም. የተቋቋመው የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር በየቀበሌው ሴቶችን በስፋት አደራጀ፤ ይሁን እንጂ ከላይ በሚወርድ መመሪያ ይመራ የነበረ በመሆኑ በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ አብሮት ወደቀ። የዚያው ዘመን ሌላ ገጽም አይሸፈንም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በየከተማው በተፈጸመው ግድያ ብዙ ወጣት ሴቶች አልቀዋል፤ ብዙ እናቶችም የልጆቻቸውን ሬሳ ለቅሶ ተከልክለዋል። ለሴቶች እኩልነት ከታገሉት ብዙዎቹ በተለያየ ሰንደቅ ሥር ነበሩ፤ ያለፉበት ዋጋ ግን አንድ ነው።

ከዚያ ወዲህ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 የሴቶችን እኩልነት በጋብቻ፣ በንብረት፣ በሥራና በደመወዝ ዘርዝሮ አሰፈረ። ሆኖም ሕገ መንግሥቱ እኩልነትን ሲያውጅ የ1952ቱ ሕግ ባልን የበላይ እንዳደረገ ለተጨማሪ ዓመታት በሥራ ላይ ነበር። ይህን ቅራኔ ለመፍታት እ.ኤ.አ. በ1995 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ሌሎች ወገኖች ጉዳዩን ከፍርድ ቤት ወደ አደባባይ አወጡት። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213 ወጣ። የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ሆነ። ቤተሰብን መምራት፣ መኖሪያን መወሰንና ንብረትን ማስተዳደር የሁለቱ የጋራ መብት ሆነ። ክልሎችም በየጊዜው የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አወጡ። ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ የጠለፋን ቅጣት ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት አደረሰው፤ ከጠለፋ በኋላ የሚፈጸም ጋብቻም ወንጀለኛውን ከቅጣት እንደማያድነው በግልጽ ደነገገ። በዚያው በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት ደብተር በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ አዘዘ። በአማራ ክልል በተሰጡት ደብተሮች ላይ የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ተለጥፏል። በ1967 ዓ.ም. በአባወራው ስም የተሞላው መዝገብ የታረመው ከ30 ዓመት በኋላ ነው።

እንግዲህ ምስጋናው ለአንድ መንግሥት ወይም ለአንድ መሪ ሊጠቃለል አይችልም። ሦስት ሥርዓቶች ተፈራርቀዋል። ሳይቋረጥ የቀጠለው ጥያቄውን ያነሡት ሴቶች ትግልና ከጎናቸው የቆሙ ወንዶች ድጋፍ ነው። ምስጋናው የእነርሱ ነው።

ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶች

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶች በስብሰባዎቻችን ይንጸባረቃሉ። የመጀመሪያው «የሴቶች መብት ተከብሯል፤ ከዚህ በላይ ምን ቀረ?» የሚለው ነው። ይህ አመለካከት አዋጅን ከኑሮ ጋር ያምታታል። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 24 ከሆኑት ሴቶች ከመቶ 40ዎቹ ያገቡት 18 ዓመት ሳይሞላቸው ነው። ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ከመቶ 65ቱ ግርዛት የተፈጸመባቸው ናቸው። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በተካሄደው ጦርነት ደግሞ በሴቶች ላይ የተፈጸመው አስከፊ ግፍ፣ ሰላም ሲጠፋ ከሁሉ አስቀድሞ የሚረገጠው የሴት ልጅ ገላና ክብር መሆኑን አስመስክሯል።

ሁለተኛው አመለካከት ደግሞ የመጀመሪያው ተቃራኒ መስሎ ይቀርባል። «ሕጉ ወረቀት ነው፤ የተለወጠ ነገር የለም» ይላል። ይህም ስሕተት ነው። ከላይ የጠቀስነው ጥናት በአንዳንድ ምክንያት ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ ነው ያሉት ሴቶች ከመቶ 63 መሆናቸውን ያሳያል። ቁጥሩ ያሳዝናል፤ ከወንዶቹ እንዲህ ያሉት ከመቶ 28 ብቻ መሆናቸው ደግሞ ያስገርማል። ጭቆና በተጨቋኙ አእምሮ ውስጥ ሥር የመስደዱን ያህል በጨቋኙም ላይ አይሰድም ለማለት ያስደፍራል። ነገር ግን በ1997 ዓ.ም. በተደረገው ተመሳሳይ ጥናት እንዲህ ያሉት ሴቶች ከመቶ 81 ነበሩ። በ11 ዓመት ውስጥ የታየው ይህ ለውጥ ከሰማይ የወረደ አይደለም። የትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጡ ልጆች፣ ፍርድ ቤት ቆመው የተከራከሩ ሚስቶችና በእድር ስብሰባ «ይህ ነውር ነው» ብለው የተናገሩ እናቶች ያመጡት ነው። ወረቀቱን ሕይወት የሚዘራበት የሚጠቀምበት ሰው ነው።

ሁለቱም አመለካከቶች መጨረሻቸው አንድ ነው። አንደኛው ሥራው አልቋል ብሎ፣ ሁለተኛው ሥራው አይጠቅምም ብሎ እጅን አጣጥፎ ያስቀምጣል።

ቡና ያቀረበችው ልጅ

ከዚህ በታች የምንተርከው በአንድ የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የታዘብነውን ነው። ዕለቱ የካቲት 29 ነበር። አንዲት በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠሩ እናት ስለ ሴቶች መብት በሚገባ ተናገሩ፤ ተጨበጨበላቸውም። ቡና የምታቀርበው ከቤታቸው ይዘዋት የመጡት ሠራተኛቸው ነበረች። ከተሰብሳቢዎቹ መካከል አንድ አዛውንት ሲኒውን ሲቀበሉ «አንቺስ ልጄ፣ የዕረፍት ቀንሽ መቼ ነው?» ብለው ጠየቋት። ልጅቱ አንገቷን ደፍታ «እትዬ ሲፈቅዱልኝ ነው» አለች። አዳራሹ ለአፍታ ዝም አለ። ተናጋሪዋ እናት ክፉ ሰው አልነበሩም። ልጅቱንም እንደሚወዷት ይታይ ነበር። ነገር ግን ያቺ አንዲት ቃል ከዚያን ቀን ንግግር ሁሉ የከበደች ሆና አገኘናት።

ጉዳዩን በሕግ ዓይን እንመልከተው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የወሊድ ፈቃድን ከ90 ቀን ወደ 120 ቀን፣ ማለትም ከወሊድ በፊት 30 ከወሊድ በኋላ 90 ቀን አድርጎ ከሙሉ ደመወዝ ጋር ሰጥቷል። ነፍሰ ጡር ሠራተኛን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት ይከለክላል። በእርግዝናዋ ወቅትና ከወለደችበት ቀን ጀምሮ እስከ 4 ወር ድረስ ከሥራ እንዳትሰናበት ይጠብቃታል። በሥራ ቦታ የሚፈጸም ወሲባዊ ትንኮሳንም ይከለክላል። ይህ ሁሉ የፋብሪካዋ ሴት መብት ነው። ይኸው አዋጅ ግን ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከወሰኑ ውጭ አድርጎ፣ የሥራ ሁኔታው የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ እንዲወሰን ያዛል። ይኸው ቃል በ1996 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 377 ውስጥም ነበር። ከአንዱ አዋጅ እስከ ሁለተኛው በነበሩት 15 ዓመታት ደንቡ ሳይወጣ ተስፋው ብቻ ተገለበጠ። የቤት ሠራተኛዋ የሥራ ሰዓት፣ ዕረፍትና የወሊድ ፈቃድ ለአሠሪዎቿ ኅሊና የተተወ ነው ማለት ነው።

ይህ የጥቂት ሰዎች ጉዳይ አይደለም። በከተሞቻችን ውስጥ አንዲት ሴት ወደ ቢሮ፣ ወደ ፋብሪካ፣ ወደ ስብሰባ ስትሄድ ብዙውን ጊዜ በሯን የሚጠብቅላት፣ ልጇን የሚያዝልላት፣ ምድጃዋን የሚያነድላት ሌላ ሴት ናት። የማጀቱ ሸክም አልጠፋም፤ ከአንዷ ትከሻ ወደ ሌላዋ ተላለፈ እንጂ። ወንዱ ሸክሙን ስላልተጋራ፣ የሕፃናት ማቆያም በበቂ ስላልተስፋፋ፣ የአንዷ ነፃነት በሌላዋ «ሲፈቀድልኝ» ላይ ቆመ። በ1952 ዓ.ም. ሚስት ለባሏ የተናገረችውን ቃል ዛሬ የገጠር ልጅ ለእመቤቷ ትናገረዋለች። ቃሉ አልሞተም፤ ቤት ቀየረ እንጂ።

በተጨማሪም ይህ ልማድ ድንበር ተሻግሮ ይመለስብናል። እህቶቻችን በባሕረ ሰላጤው አገሮች በካፋላ ሥርዓት ፓስፖርታቸው ተወስዶ፣ ደመወዛቸው ተከልክሎ፣ በር ተቆልፎባቸው ሲሠሩ ሰምተን እናለቅሳለን። ልቅሶው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በሩቅ አገር አሠሪ ላይ የምናነሣው ክስ ሙሉ ኃይል የሚኖረው በገዛ ቤታችን መልስ ሲያገኝ ነው። የዕረፍት ቀን የሌላት ልጅ በአዲስ አበባም ሆነ በቤይሩት ያው የዕረፍት ቀን የሌላት ልጅ ናት።

ዕዳው በምን ይከፈላል?

ሦስተኛው ጥያቄ እዚህ ላይ መልሱን ያገኛል። መብትን ያስገኙልን ሴቶች አብዛኞቹ አልፈዋል። ዕዳውን ለእነርሱ መልሰን ልንከፍል አንችልም። ልንከፍል የምንችለው ወደ ፊት፣ መብቱ ላልደረሳት ነው። ይህም በቃላት ሳይሆን በሚቆጠር ሥራ ነው።

የነዋሪዎች ማኅበራትና እድሮች አባሎቻቸው ከቤት ሠራተኞቻቸው ጋር የጽሑፍ ውል እንዲዋዋሉ ማድረግ ይችላሉ። በውሉ ላይ የደመወዙ ልክ፣ የሚከፈልበት ቀን፣ የሥራ ሰዓትና በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ይጻፍ። ዕድሜዋ ከ15 ዓመት በታች የሆነች ልጅ አትቀጠር፤ ከዚያ በላይ ያለችውም የማታ ትምህርት እንዳይቀርባት የሥራ ሰዓቷ ይወሰን። ደመወዟ በደላላ ወይም በዘመድ እጅ ሳይሆን በራሷ የቁጠባ ደብተር ይግባላት። ደንቡ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ደጉን ነገር ለማድረግ የሚከለክል ሕግ የለም። ነገር ግን ደጉ ነገር ልማድ ሆኖ እንዳይቀር፣ ደንቡ እንዲወጣ በየደረጃው ላለው ምክር ቤት ጥያቄ ማቅረብ የማኅበራቱ ሥራ ነው።

የሠራተኛ ማኅበራት በበኩላቸው በኅብረት ስምምነቶቻቸው ውስጥ የሕፃናት ማቆያን ጥያቄ ከደመወዝ ጥያቄ እኩል ሊያነሡት ይገባል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መሥሪያ ቤቶች ማቆያ እንዲያዘጋጁ ደንግጎ ነበር፤ የፋብሪካው ሴት ከቢሮዋ ሴት ያነሰ ልጅ አልወለደችም። ወንድ ሠራተኞችም «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን አድኃሪ ተረት በአደባባይ ሲያወግዙ፣ በቤታቸው ደግሞ እሳቱን አንድደው፣ ልጁን አጥበው ሊያሳዩን ይገባል። የእኩልነት ፈተና የሚሰጠው በመድረክ ሳይሆን በማጀት ነው።

በዚያ ስብሰባ ላይ የተናገሩት እናት ዝምታውን የሰበሩት ራሳቸው እንደነበሩ ሳንጠቅስ ብናልፍ ሐቁን ማጉደል ይሆንብናል። «እውነትሽን ነው» አሏት፤ «ከነገ ወዲያ እሑድ ነው፤ እሑድ ያንቺ ነው» አሉና ለተሰብሳቢው «ይህን በቃለ ጉባኤ ያዙልኝ» ብለው ጨመሩ። ጸሐፊውም መዘገበው። በዚያን ቀን ከተደረጉት ንግግሮች ሁሉ ምስጋና ተብሎ ሊጠራ የሚገባው ያ በቃለ ጉባኤ የሰፈረ አንድ መስመር ነው። በየማኅበሩ፣ በየእድሩ፣ በየፋብሪካው እንዲህ ያለ አንድ መስመር ቢጻፍ፣ በሚቀጥለው ዓመት የካቲት 29 ቀን ቡና የምታቀርበው ልጅ የዕረፍት ቀኗ ሲጠየቅ የማንንም ፊት ሳታይ «እሑድ ነው» ብላ ትመልሳለች።